ብብቴ ውስጥ የተሳፈረው

ሚስቴ በአራት ዓመት ትዳራችን ያልተመረመረችው የለም፤ ደሙ፣ አልትራሳውንዱ፣ ቱቦዋ ውስጥ ቀለም ተረጭቶ የሚነሳው ራጅ፣ የእንጦጦ ማርያም ጠበል። እኔን የጠየቀኝ ሰው የለም። እናቴማ «በኛ ዘር መካን የለም» ብላ ፋይሌን ዘግታዋለች። በኋላ ሚስቴ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2011 ዓ.ም. የመካንነት ሕክምና ማዕከል መክፈቱን ሰምታ ሐኪሟን ብታማክር፣ «ግማሽ በሚሆነው ችግር የወንዱም እጅ አለበት፤ መጀመሪያ እሱ ይምጣ» አላት።

የዘር ናሙናዬን እዚያው ልሰጥ ሞክሬ ነበር። የሰጡኝ ክፍል ሽንት ቤት ነው። መቀርቀሪያው አይሠራም፤ ውጭ አንድ አዛውንት «አልጨረስክም እንዴ ልጄ?» እያሉ ያንኳኳሉ። እንኳን ዘር ላብም አይወጣ።

«ከቤት ይዘህ ና» ተባልኩ። ከ2 እስከ 7 ቀን ታቅበህ፣ በ1 ሰዓት ውስጥ፣ ብርድ ሳታስነካ። (የዘር ፍሬያችን ከሰውነት ውጭ የተንጠለጠለው ቀዝቀዝ እንዲለው ነው ይላሉ፤ ፈሳሹ ሲጓዝ ደግሞ ሙቀት ያምረዋል።)

የሱሉልታ ውርጭ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ብልቃጡን ብብቴ ውስጥ ወትፌ፣ ጋቢ ደርቤ ሚኒባስ ገባሁ። አጠገቤ ወተት የያዙ እናት ተቀምጠዋል። የሳቸው እንዳይሞቅ፣ የኔ እንዳይበርድ። ደህና የሚባለው ቢያንስ በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን ገደማ የዘር ሕዋስ ነው፤ ረዳቱ ስንት ሰው ይዤ እንደተሳፈርኩ ቢያውቅ ሂሳብ ያስከፍለኝ ነበር።

«ክንድህን ምን ሆንክ ልጄ?» አሉኝ እናት።

«ብጉንጅ ነው።»

«ቅቤ ቀባው።»

እንጦጦ አናት ላይ ድርቆሽ የጫነ አይሱዙ ተበላሽቶ መንገዱን ዘግቷል። ሰዓቴን አየሁ፤ 35 ደቂቃ አልፏል። ወርጄ ቁልቁል ወደ አዲሱ ገበያ ሮጥኩ። አንድ ክንዴ ጎኔ ላይ ተጣብቋል። ልጆች «አይዞህ ቀነኒሳ!» ይሉኛል። ልምምድ ላይ ያለ አንድ አትሌት ደግሞ ከልቡ አዝኖልኝ፣ «ብሮ፣ ክንድህን ፍታው፤ ትንፋሽ ያሳጥርሃል» ብሎኝ አለፈ።

«የዘር ፈሳሽ ያመጣኸው አንተ ነህ?» አለች ባለሙያዋ፣ ተሰላፊው ሁሉ እየሰማ። «ከወጣ ስንት ደቂቃው ነው?»

«72።»

«አይሆንም። እንቅስቃሴው በትክክል አይታይም። ከሦስት ቀን በኋላ ድገመው።»

ቤት ስገባ ሚስቴ ቡና እየቆላች ነበር።

«ምን አሉህ?»

«ድገመው።»

«አንዴ ብቻ?» አለችና ቡናዋን ማመሷን ቀጠለች።