የሰበብ ዝግመተ ለውጥ፦ በደብረ ብርሃንና አካባቢዋ የጌም ተሸናፊዎች ላይ የተደረገ ጥናት

የጌም ታሪክ ጸሐፊዎች ሁሉ አንድ ድክመት አለባቸው። ማሽኑ ምን ያህል እንደፈጠነ፣ ምስሉ ምን ያህል እንደጠራ፣ ስንት እንደተሸጠ ሳይታክቱ ይነግሩናል። የተሸነፈው ልጅ ምን እንዳለ ግን አንዳቸውም አልመዘገቡም። ይህ ጥናት ክፍተቱን ለመሙላት የተነሣ ሲሆን፣ መረጃው የተሰበሰበው በጌም ቤት አግዳሚ ላይ ተራ በመጠበቅ ነው። ዘዴው ተሳትፏዊ ምልከታ ይባላል፤ ቤተሰብ ግን ሥራ መፍታት ይለዋል።

ቅድመ ማሽን ዘመን። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር መጽሔት ላይ ስለ ገበጣ ሰፊ ጥናት አሳትመዋል። ገበጣ ጉድጓድና ጠጠር ብቻ ነው፤ ባትሪ የለው፣ ሽቦ የለው። በዚህም የተነሣ ተሸናፊው የሚያመካኝበት ዕቃ አልነበረውም። የቀረው አማራጭ «ጠጠር ሰርቀሃል» ማለት ነበር፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነው ይታወቃል፤ ሽማግሌ ይገባል። ማሽን ሲመጣ ጥፋቱ ከሰው ወደ ዕቃ ተዛወረ። ይህ ለሰፈር ሰላም ያደረገው አስተዋጽኦ እስካሁን አልተጠናም።

የጡብ ዘመን። አሌክሲ ፓጂትኖቭ ቴትሪስን ሞስኮ ላይ የፈጠረው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። በዚያ ዘመን ከሞስኮ ወደ እኛ ይላክ የነበረው ከበድ ያለ ዕቃ ስለነበር፣ ጡቡ የደረሰን ዘግይቶ ብሪክ ጌም በሚባለው የእጅ መጫወቻ ነው። የዘመኑ ሰበብ «ባትሪው ደክሞ ነው» የሚል ነበር። ባትሪው በጥርስ ተነክሶ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይመለሳል፤ ልጁም ተመልሶ ይሸነፋል።

የካሴት ዘመን። ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጣው ማሽን አምሳል የተሠሩ መጫወቻዎች ማርዮን ይዘውልን መጡ። ሰበቡ አቧራ ሆነ፤ መድኃኒቱም ካሴቱን እፍ ማለት። ኒንቴንዶ ራሱ እፍ አትበሉበት፣ እርጥበቱ ብረቱን ያበላሸዋል ብሎ ነበር። ማስጠንቀቂያው ግን የደብረ ብርሃኑ ጠባሴ ሰፈር አልደረሰም።

የፕሌስቴሽን ዘመን። ይህ የሰበብ ወርቃማ ዘመን ነው። ፕሌስቴሽን 2 እ.ኤ.አ. በ2000 ጃፓን ውስጥ ወጥቶ ከ155 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። ደብረ ብርሃን የደረሱት ጥቂቶች መጋረጃ የተጋረደበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ቀን ከሌት ሠርተዋል። ሕጉ አጭር ነው፦ የተሸነፈ ይከፍላል፣ ያሸነፈ ይቀመጣል። ክርክሩ ግን ረጅም ነው።

አንድ የተለመደ ናሙና እንመልከት። ልጁ ጋቢ ደርቦ፣ ጉልበቱን አጥፎ ተቀምጧል። ከኋላው የቆመው፣ ሳንቲም የሌለው ነገር ግን አስተያየት የሞላው ልጅ «ስጠው! ስጠው እንጂ!» ይላል። ጎል ይገባበታል። «ይሄ ጆይስቲክ ወደ ግራ ይሄዳል» ብሎ ቅያሪ ይጠይቃል። ይቀየርለታል። ሁለተኛ ይገባበታል። ጆይስቲኩን አገላብጦ በጥሞና ከመረመረ በኋላ ውጤቱን ይፋ ያደርጋል፦ «ሁለቱም ተበላሽተዋል።» ፔስ 6 በተባለው የእግር ኳስ ጌም ላይ ባላጋራው ኢንተር ሚላንን ይዞ ከሆነ ምርመራም አያስፈልግም፤ የአጥቂውን የአድሪያኖን ምት በረኛ አይመልሰውምና ሽንፈቱ እንደ ሽንፈት አይቆጠርም።

መልክዓ ምድርም ድርሻ አለው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር ከፍ ብላ ስለተቀመጠች፣ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ፣ «እጄ ደንዝዞ ነው» የሚል የማያልቅ ሀብት አላት። በ1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ሸዋ ሮቢት ይህ ጸጋ ስለተነፈጋት «እጄ አልቦኝ ነው» በማለት ተቋቁማዋለች። የሰው ልጅ ከአካባቢው ጋር ተስማምቶ ለመኖር ያለው ችሎታ ሁሌም ያስደንቃል።

መብራት ሲሄድ ደግሞ 3 ለ 0 የሚመራው ልጅ ይጮኻል፤ የሚመራበት ልጅ የዕለቱ ፍልስፍና ይመጣለታል፦ «እኔ እኮ ገና መጀመሬ ነበር።» ባለቤቱ ግን ሻማ ለኩሶ ሒሳቡን ይጠይቃል። ባለቤቱ በዚህ ጥናት ዘመን ሁሉ ሳይሸነፍ የቆየ ብቸኛው ሰው ነው።

የስልክ ዘመን። ኮናሚ እ.ኤ.አ. በ2021 ፔስ የሚለውን ስም ትቶ ኢፉትቦል አለው፤ ጨዋታው ስልክ ውስጥ ስለሚገኝ የአንኮበር ልጅ ደብረ ብርሃን ድረስ መሄድ ቀርቶለታል። ቤቱ ቁጭ ብሎ ስሙን ከማያውቀው የብራዚል ልጅ ጋር ይጋጠማል። ሲሸነፍ «ኔትወርክ ነው» ይላል፤ ጭጋግ ተራራውን በሸፈነበት ቀን ደግሞ ማስረጃውን በመስኮት ያሳያል። ችግሩ የሚያየው አለመኖሩ ነው። ብራዚላዊው አይሰማውም፤ ከኋላ ቆሞ «ውሸቱን ነው፣ ሲጀመርም አይችልም» የሚል ምስክር የለም። ያሉት አያቱ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም «ይሁን የኔ ልጅ፣ ነገ ይሠሩታል» ይሉታል። ሰበብ ያለ ምንም ተቃውሞ ሲጸድቅ በጥናቱ የተመዘገበው ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ልጁም ደስ ያለው አይመስልም።

ምክረ ሐሳብ። አምራቾች የማይቆራረጥ፣ የማይዘገይ፣ የማይበላሽ ማሽን ለመሥራት እየተጣደፉ መሆኑ ይሰማል። ዓላማው በጎ ቢሆንም ገበያው ይታሰብበት። እንዲህ ያለ ማሽን ሰሜን ሸዋ ቢገባ የሚገዛው አሸናፊ ብቻ ነው፤ አሸናፊ ደግሞ እዚህ ከፍሎ አያውቅም።