አራሷ መኪና

በመኪና ቀለም ሙያ መድረቅና መብሰል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መድረቅ ማለት በቀለሙ ውስጥ ያለው ቲነር ከላይ ተንኖ ገጽታው በእጅ ሲነካ የማይለጠፍበት ደረጃ ሲሆን፣ መብሰል ግን ቀለሙና በየጋራዡ ሃርድነር የሚባለው ማጠንከሪያ እርስ በርስ እየተሳሰሩ ሽፋኑን እስከ ሥሩ ድረስ የሚያጠነክሩበት አዝጋሚ ኬሚካዊ ሂደት ነው። የመጀመሪያው በሰዓታት፣ ሁለተኛው በሳምንታት የሚቆጠር በመሆኑ፣ ባትላሜራ ያቃናትና ስቱኮ የደፈናት መኪና ከጋራዥ በወጣችበት ዕለት እንደ መስታወት ብታበራም፣ ከውስጥ ግን ገና ወገቧ ያልጠና አራስ ናት።

ንጽጽሩ ለቀልድ ብቻ የቀረበ አይደለም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ፤ አዲስ ቀለም ሰም ሳይቀባ እንዲቆይ የሚመከርበት ጊዜም እንደ ቀለሙ ዓይነት ከ30 እስከ 90 ቀን ስለሚደርስ፣ የመኪናውን ጾታ መለየት የተቸገረ ባለንብረት ወደ 80ው ቢያደላ ብዙ አይሳሳትም። በሽፋኑ ውስጥ የቀረው ቲነር ቀስ እያለ የሚወጣ በመሆኑ፣ ሰም ቀድሞ ከደፈነው መውጫ አጥቶ ቀለሙን ሊያደበዝዘውና ሊያለሰልሰው ይችላል። በምድጃ ክፍል በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለግማሽ ሰዓት ያህል የተጋገረ ቀለም በእርግጥ ቶሎ ይበስላል፤ ግቢ ውስጥ በሸራ ተጋርዶ የተቀባው ግን ሙሉውን የአራስነት ጊዜ ይጠይቃል።

ቀለሙ ቶሎ እንዲደርስ መቸኮል የዛሬ ሰው አመል ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1923 ጄኔራል ሞተርስ ኦክላንድ በተባሉት መኪኖቹ ላይ ዱኮ የተሰኘውን ፈጣን ቀለም መጠቀም እስኪጀምር ድረስ፣ አንዲትን መኪና ቀብቶ ማድረቅ ሳምንታት ይፈጅ ነበር። ቀለም ሠሪዎች ሳምንታቱን ወደ ሰዓታት አሳጠሩ፤ የባለመኪናውን እጅ ለማሳረፍ የሚበጅ ቅመም ግን እስከ ዛሬ አልቀመሙም።

የአዲስ ቀለም ቀንደኛ ጠላት የባለቤቱ ፍቅር መሆኑ የሚታወቀው ከዚህ ላይ ነው። ባለመኪናው ማልዶ ይነሣል፤ ኮፈኑ ላይ ሌሊቱን ያረፈ ስስ አቧራ ያያል፤ ልቡ አይችልምና ደረቅ ጨርቅ አንሥቶ በክብ በክብ ይወለውላል። ክሊር የሚባለው የላይኛው ብርሃን አሳላፊ ሽፋን ውፍረት በአብዛኛው ከ40 እስከ 60 ማይክሮን ነው፤ ማይክሮን የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺህኛ በመሆኑ፣ ባለቤቱ የብዙ ሺህ ብር ወጪውን የሚወለውለው ከአንዲት የራስ ፀጉር በማይወፍር ነገር ላይ ነው ማለት ነው። አቧራው ውስጥ ከቀለሙ የሚጠነክሩ የአሸዋ ብናኞች ስላሉ ጨርቁ ወዲያው የብርጭቆ ወረቀት ይሆናል፤ ውጤቱም ረፋድ ላይ ፀሐይ ስታርፍበት የሸረሪት ድር መስሎ ይወጣል። በዚህ ላይ ጎረቤት «ደርቋል እንዴ?» እያለ በጥፍሩ ይሞክራል፤ የሰፈር ልጅም ፓራፋንጎው ላይ በጣቱ «እጠበኝ» ብሎ ይጽፋል።

እጥበትም የራሱ ሕግ አለው። በመጀመሪያው ሳምንት አለማጠብ ይመረጣል፤ ከዚያ በኋላ ጥላ ውስጥ፣ ኮፈኑ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ በቀዝቃዛ ውኃና በለስላሳ የመኪና ሻምፖ፣ አንዱ ባልዲ ለሳሙናው ሌላው ለጨርቅ ማለቅለቂያ ሆኖ፣ ከጣሪያ ወደ ታች ይታጠባል። የላቫጆ ብሩሽና ኃይለኛ የውኃ ግፊት ቢያንስ ለአንድ ወር ይቆዩ፤ ኦሞም ወደ ነጠላና ወደ ጋቢ ይመለስ።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ማቆሚያ መምረጥ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ከተማዪቱ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት፤ ቀለም የሚያደበዝዘው አልትራቫዮሌት ጨረርም በየ1,000 ሜትሩ በ10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ ባለመኪናው ፀሐዩን ሸሽቶ ከባሕር ዛፍ ሥር ይጠለላል፤ እዚያ ደግሞ ወፎች ይጠብቁታል። ኩስ አሲድነት ስላለው ፀሐይ ካገኘው ያልበሰለውን ክሊር በልቶ ጠባሳ ይጥላል፤ ስለዚህ እርጥብ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃዎች አልብሶ፣ ሳይፈትጉ ማንሣት ያስፈልጋል። ሁለቱንም ፈርቶ በላስቲክ የሚሸፍናትም አልዳነም፤ ላስቲኩ እርጥበት ያምቃል፣ ነፋስ ሲመታውም ሥሩ ያለውን አቧራ ሲያፋትግ ያድራል።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ አጭር ነው፦ አዲስ ቀለም የሚሻው እንክብካቤ በአብዛኛው አለመንካት ነው። ባለንብረቱ የተቀባበትን ቀን ጽፎ ያስቀምጥ፤ ሰሙንና ፖሊሹን ለክርስትናው ቀን ያቆይ፤ ጠያቂም ቢመጣ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ፣ ከሩቁ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ ይለፍ።