ክላክስ ሲነካ ዋይፐር ይነሣል

ከሚዛን ተነሥቶ በጀሙ አድርጎ ቱም የሚገባ አሮጌ ሃርድቶፕ ማታ ማታ ከሩቅ ይለያል፤ አንድ ዓይና ነው። የግራው መብራት ከሞተ ቆይቷል፣ የቀኙ ደግሞ ዛፍ ላይ ጦጣ ይፈልጋል።

«ጋሼ፣ በዚህች አንድ መብራት የማጂን ዳገት ልንወጣ ነው?» ይለዋል ተሳፋሪ።

«ሁለቱም ቢበሩ እኮ የምታየው ገደሉን ነው!»

እኔ ከሹፌሩ ምላስ ጋር ጠብ የለኝም። እንዲያውም ምላሱ ከባትሪው ይሻላል፤ ጧት ጧት ሳይገፋ ይነሣል። ጠቤ ከግምቱ ጋር ነው። ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው «ጠቅ» ብሎ ዝም ካለ፣ ቱም ላይ መካኒክ ያልሆነ ሰው አይገኝም። ጋቢና የተቀመጠው «ባትሪ ነው» ይላል፣ ከኋላ ያለው «ዲናሞ ነው» ይላል፣ ጆንያ ላይ የተቀመጠው «ዓይን ነው» ይላል። ሹፌሩ የሁሉንም ሰምቶ፣ ሚዛን ልኮ አዲስ ባትሪ ያስመጣል።

«ኢንጂነር፣ ባትሪ ቀየርኩ» ይለዋል ኤሌትሪሻኑን።

«እግዜር ያጽናህ።»

«ምነው?»

«የመጀመሪያውን የገደለው አሁንም ኮፈኑ ሥር አለ።»

እውነቱን ነው። ባትሪ ነው ወይስ ዲናሞ የሚለው የመጀመሪያው ጥያቄ በቴስተር ይመለሳል። ባለ 12 ቮልት ባትሪ ጠግቦ አርፎ ሲለካ 12.6 አካባቢ ያነባል፤ ከ12 ከወረደ ተርቧል። ሞተር ተነሥቶ ደግሞ ወደ 14 መውጣት አለበት። ሞተሩ እየጮኸ ቴስተሩ 12 ላይ ከተቀመጠ ባትሪው ምን በደለ? የሚያበላው አጥቶ ነው። ቺንጋው ላልቶ፣ የዲናሞው ካርቦን አልቆ ወይም ሬጉላተሩ ሰንፎ ሊሆን ይችላል። አንድም ባትሪ ሳይገዛ ይኼ ሁሉ ይታወቃል።

ቴስተር የሌለው ግን የአባቱን ዘዴ ያወጣል። ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ሽቦ መንቀል! መኪናው ካልጠፋ «ዲናሞው ደኅና ነው» ይባላል። ዘዴው በጥንቶቹ ላንድሮቨሮች ዲናሞ ላይ ያን ያህል አይጎዳ ይሆናል። ዳዮድ ያለበት የዛሬው ዲናሞ ግን ባትሪው በድንገት ሲነቀልበት ቮልቱ ተስፈንጥሮ ዳዮዱንና ሬጉላተሩን ያቃጥላል።

«ዲናሞው ይሠራ ነበር?» ብለው ቢጠይቁት ኤሌትሪሻኑ ምን አለ?

«እስክትፈትሹት ድረስ።»

ላንድሮቨር ካነሣን አይቀር፣ በተረቡ እኛ ብቻ አይደለንም። የላንድሮቨርን ኤሌትሪክ ይሠራ የነበረው የበርሚንግሃሙ ጆሴፍ ሉካስ ኩባንያ ነው። እንግሊዞቹ ራሳቸው በመንገድ ላይ ጨለማ ሲውጣቸው ሉካስን «የጨለማው ልዑል» ብለው ሰይመውታል። ሃርድቶፑ ጃፓናዊ ስለሆነ ልዑልነት የለውም፤ ጨለማው ግን አልቀረበትም።

አሁን ወደ ዋናው ቁስል። ፍሬን ሲረገጥ ፍሬቻው ደብዘዝ ብሎ ይበራል። ፍሬቻ ሲሰጥ የኋላው መብራት አብሮ ይጨፍራል። ክላክስ ሲነካ ዋይፐሩ ብድግ ይላል።

«ይቺ መኪና ምን ሆና ነው?»

«ማሳው ነው የተበላሸው።»

«ታዲያ አንተን ምን አመጣህ? የግብርና ባለሙያ ይጠራ!»

ተሳቀ። ግን ማሳውን ያየ የለም። ኤሌክትሪክ በፕላሱ ሽቦ መጥቶ አምፖሉን ካበራ በኋላ በመኪናው ገላ፣ ማለትም በማሳው፣ በኩል ወደ ባትሪው ነጌቲቭ መመለስ አለበት። የኋላ መብራቱ ቤት ከገላው ጋር የሚገናኝበት ብሎን ሲዝግ የመመለሻው በር ይዘጋል። ጎርፍ ቦዩ ሲደፈንበት በጎረቤት ጓሮ እንደሚያልፈው፣ የፍሬኑም ኤሌክትሪክ በፍሬቻው አምፖል ሾልኮ ሌላ ማሳ ፍለጋ ይሄዳል። በመንገዱም ያላዘዝከውን ያበራል። አምፖል ብትቀይር፣ ፊውዝ ብትቀይር፣ ሹፌር ብትቀይር አይድንም።

በዚህ አገር ደግሞ ዝገት ሥራ አይፈታም። ቡናውን የሚያበቅለው ዝናብ ብሎኑንም ያበቅለዋል። የባትሪው ጫፍ ላይ ነጭ ዱቄት፣ የመዳቡ ሽቦ ላይ አረንጓዴ ዝገት ይቀመጣል። ከላይ በናስትሮ ተጠቅልሎ ሲታይ ደኅና ይመስላል፤ ናስትሮው ሲፈታ ሽቦው ዱቄት ሆኖ ይረግፋል።

«ይኼን ናስትሮ ማን ነው የጠቀለለው?»

«ከኔ በፊት የነበረው።»

«ከሱ በፊት የነበረውስ?»

«እሱ ከሥር ነው፣ ገና አልደረስክበትም።»

መፈተሻው ቀላል ነው። የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ነጌቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ብረት ላይ አድርጎ ሞተሪኖውን ማስመታት። ከግማሽ ቮልት በላይ ካነበበ፣ ሞተሩን ከባትሪው የሚያገናኘው ወፍራም ሽቦ ወይ በስብሷል ወይ ላልቷል። ያ «ጠቅ» የሚለው ሞተሪኖም ብዙ ጊዜ ሟች አይደለም፤ ማሳ አጥቶ ነው። ፈትቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ፣ ጠበቅ አድርጎ ግሪስ መቀባት ነው። ዋጋው ከባትሪው ጋር አይወዳደርም፤ ስለዚህም አይታመንም። ሹፌራችን ርካሽ መድኃኒት አይወድም።

የፊውዙ ነገር አጭር ነው። የተቃጠለው ፊውዝ ላይ የሲጋራ ብርማ ወረቀት ተጠቅልሎበታል።

«ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልተቃጠለም!» ይላል ረዳቱ በኩራት።

«አሁንማ ተራው የመኪናው ነው።»

ከቴፒና ከበበቃ ቡና የሚጭነው አይሱዙስ? እሱ ባለ 24 ነው፤ ሁለት ባለ 12 ባትሪ ተቀጣጥሎለታል። ቴፑ ግን ባለ 12 ነውና ሹፌሩ ከአንዱ ባትሪ ብቻ ጠልፎ ይዘፍንበታል። ዲናሞው ሁለቱን እንደ አንድ ቆጥሮ ነው የሚሞላቸው። የተጠለፈው ሁልጊዜ ሳይጠግብ ያድራል፣ ጓደኛው ከልክ በላይ እየተሞላ ውሃው ይደርቃል።

«የትኛው ባትሪ ነው የሞተው?»

«የዘፈነው በረሃብ፣ የሰማው በጥጋብ።»

«ለምን አዲስ መኪና አይገዙም?» የሚል አዲስ አበቤ አይጠፋም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አስወደደው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በኤሌክትሪክ ከሚሠራ በቀር የቤት መኪና አይግባ አለ። ሃርድቶፑ ይኼን ሁሉ ሰምቶ ጡረታውን አራዘመ።

«ለመሆኑ» አለ አንዱ ተሳፋሪ፣ መኪናው ዳገቱ ሥር ቆሞ፣ «የኤሌክትሪክ መኪና ቱም የሚገባው መቼ ነው?»

«ገብቷል እኮ» አለ ሹፌሩ። «ናፍጣው ሙሉ ነው፣ ጎማው ደኅና ነው። የሚያስኬደንም የሚያቆመንም ኤሌክትሪኩ ነው።»

ከኋላ አንዲት እናት ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እንግዲያስ ልጄ፣ ሒሳባችንን መልስልን። እኛው ሄደን ለመብራት ኃይል እንከፍላለን።»