ቀብድ የበላች መኪና

ሰው በእኔ ዕድሜ ወይ ቤት ይጨርሳል ወይ ልጅ ይድራል። እኔን ግን ያማረኝ ድንጋይ የምትወጣ የሪሞት መኪና ነው። ደግሞ ትንሿን እንዳይመስላችሁ፤ የእውነተኛውን መኪና አንድ ስድስተኛ የምታህለውን ትልቋን ነው። 5 ሜትር የሚጠጋ ላንድክሩዘር ለ6 ሲካፈል 80 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል። ክብደቱ ግን ለ6 አይደለም። ርዝመቱም ወርዱም ቁመቱም አብረው ስለሚያንሱ የሚካፈለው ለ216 ነው፤ ሁለት ቶን ተኩል የነበረው ወርዶ ወርዶ ዐሥራ አንድ ኪሎ ተኩል ላይ ቁጭ ይላል። ይህን ሒሳብ ለባለቤቴ ቡና ላይ ሳስረዳት በትዕግሥት ሰማችኝና «እሱስ ይሁን፤ ለአጥሩ ስንት ቢያጆ ድንጋይ ይበቃናል?» አለች።

መጀመሪያ ያሰብኩት መግዛት ነበር። አሜሪካ ያለው የአክስቴ ልጅ «አክሲያል የሚባል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣት ኤስሲኤክስ6 የምትባል አለች፤ ጂፕ ራንግለርን ቁርጥ ነው የምትመስለው» ብሎ ልቤን ሰቀለው። ዋጋዋ ስትወጣ 1,000 ዶላር ገደማ እንደነበር ሲነግረኝ በብር መታሁትና ዝም አልኩ፤ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። እሱ ግን ቀጠለ፦ ካርቶኗ አንድ ሻንጣ ይበላል፣ ትርፍ የሊቲየም ባትሪ ደግሞ ከሻንጣ ጋር አይጫንም፣ በእጅ መያዝ አለበት። «ላንተ መጫወቻ ብዬ ኤርፖርት ስፈተሽ ልደር እንዴ?» አለኝ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ስለዚህ ራሴ ልሠራት ወሰንኩ።

መርካቶ ምን አለሽ ተራ ገብቶ ባዶ እጁን የወጣ ሰው አላውቅም። በርሜሉ ምድጃ፣ የመኪና ጎማው በረባሶ ሆኖ የሚነሣበት ቦታ ነው። ሁለት የዝናብ መጥረጊያ ሞተር ገዛሁ፣ አንዱ ለፊት፣ አንዱ ለኋላ። እዚህ ላይ ብልጠቴን እዩልኝ፤ የዝናብ መጥረጊያ ሞተር ውስጡ ፍጥነቱን የሚያወርድ ጥርስ ስላለው በደቂቃ ከ40 እስከ 60 ጊዜ ቢዞር ነው፤ ጉልበቱ ግን ጣት ይሰብራል። ድንጋይ የሚወጣው ደግሞ በጉልበት እንጂ በሩጫ አይደለም። ዲፈረንሻል መግዣ ስላልነበረኝ አክስሉን ቀጥ ያለ ፌሮ አደረግኩት። ኋላ ላይ እንደሰማሁት ውዶቹ መኪኖችም ዲፈረንሻላቸው የተቆለፈ ነው አሉ፤ ካልተቆለፈ ጉልበቱ ሁሉ አየር ላይ ወደተንጠለጠለው ጎማ ይሄድና መሬት የያዘው ዝም ብሎ ይቆማል። ድህነትም አንዳንዴ ከመሐንዲስ እኩል ያስባል።

ጎማው የሕፃን ጋሪ ነው፣ ላዩን ከመነዳሪ አልብሼዋለሁ። መሪውን የሚያዞረው የበር መስኮት ሞተር ነው። ሪሞቱ ከተሰበረ የቻይና መጫወቻ ተነቅሎ በመኪና ሪሌ የተያያዘ ስለሆነ ቀስ በል ቢሉት አይገባውም፤ ወይ ይሄዳል ወይ ይቆማል። ባትሪው የዩፒኤስ ነው፣ 12 ቮልት፣ ክብደቱ ከ2 ኪሎ በላይ። የት ይቀመጥ? በእኛ አገር ዕቃ የሚጫነው የት ነው? ፖርቶመጋላ ላይ ነዋ! ጣሪያዋ ላይ አሳምሬ አሰርኩት። ብረቷን የበየደልኝ በያጅ «ጋሼ፣ ጊዜውን ጠብቀው ነው የሠሯት» አለኝ፤ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ የእኔዋ ኤሌክትሪክ መሆኗ ነው። መኪናዋ ሽንኩርት በምትሸጠው ጎረቤታችን ሚዛን ላይ ስትወጣ 19 ኪሎ መጣች። የ216ቱን ሒሳብ ለማንም አላነሣሁም።

የምኖረው ሰበታ ነው። ወጨጫ ከራስጌያችን ስላለ ድንጋይ አልጠፋም፤ ግን ዕድርተኛው ሁሉ ያውቀኛል። እናም ለሙከራ የማንም ዓይን የማያየኝ ቦታ ብዬ ሱሉልታ ወሰድኳት፣ ያውም በክረምት። የሱሉልታ ሜዳ በክረምት ውኃ ይተኛበታል፤ ድንጋይ ፍለጋ ወደ ረግረግ የሄድኩ ሰው እኔ ነኝ። የማንም ዓይን አያየኝም ያልኩትም ቦታ ቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ ትራክ ያሠራበት፣ የአገሩ ሯጭ በጠዋት የሚተምበት ነው። መኪናዬ በደቂቃ 25 ሜትር እየተጓዘች፣ እኔ ሪሞት ይዤ ከኋላዋ እያዘገምኩ፣ አትሌቶች በግራ በቀኝ ሽው እያሉ አለፉን። አንዷ ዘወር ብላ «በርታ ጋሼ!» አለችኝ። ከዚያ ጭቃው ዋጣት፤ ተሸክሜያት ተመለስኩ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ባለቤቴ ቀብድ ቆጥራ ሰጥታኝ «ቡራዩ ሂድና የአጥሩን ድንጋይ አስጭነህ ና» ስትለኝ፣ መኪናዋን በማዳበሪያ ከረጢት ከትቼ ወጣሁ። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሸገር ከተማ የሚባል አንድ ከተማ ሆነዋል፤ በታክሲ ካንዱ ወዳንዱ ለመሄድ ግን አዲስ አበባ ገብቶ መውጣት ነው። በአየር ጤና፣ በጦር ኃይሎች ዞሬ ስሄድ ወያላው ከረጢቱን በእግሩ ነካ አድርጎ «ምንድን ነው?» አለኝ። «መኪና» አልኩት። የሁለት ሰው አስከፈለኝ።

ቡራዩ ድንጋይ ማውጫው ጋ ስደርስ ሲኖትራኮቹ ተሰልፈዋል፣ መዶሻው ይጮኻል፣ ጥቁር ድንጋይ እንደ ልብ ነው። ባለ ድንጋዩ ምሳ ወጥቷል አሉኝ። ታዲያ ምን ልሥራ? ከረጢቱን ፈታሁ። የጥበቃው ልጅ ሪሞቱን አይቶ እየሮጠ መጣ።

«ድሮን ነው?»

«ኧረ መኪና ነው።»

«ሪሞት አለው እኮ!»

«ቢኖረውም አይበርም» አልኩት፣ የባለሙያ ድምፅ አውጥቼ።

ፈላጮቹ መዶሻቸውን አስቀምጠው ከበቡን። ከጉድጓዱ አፍ ላይ ወገቤ ድረስ የሚደርስ ድንጋይ መርጬ ሪሞቱን ተጫንኩ። ወጣች! የፊት ጎማዎቿ ድንጋዩን ቧጠጡ፣ ከመነዳሪው ጥርቅ ብሎ ያዘ፣ አፍንጫዋ ወደ ሰማይ ቀና አለ። ጭብጨባ ሰማሁ። ድንጋዩ አናት ላይ ስትደርስ ለተመልካቹ ላሳያት ብዬ መሪውን ሳዞር ጣሪያዋ ላይ ያለው ባትሪ ዘመም አለ፣ መኪናዋም ተከተለችው፤ ባንድ ጎኗ ከድንጋዩ ተነሥታ፣ አየር ላይ አንዴ ተገልብጣ፣ ጉድጓዱ ውስጥ በጀርባዋ ተዘረረች። አራቱም ጎማ ይዞራል። ሪሌው ተጣብቆ ኖሮ ብጫን ብለቅ አልቆም አለች። ልጆች «ኮንኮላታን ገረገሌ!» እያሉ ለሰፈሩ ሁሉ መገልበጧን አወጁ። ጥበቃው ቀስ ብሎ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና፣

«አይበርም አላልክም?» አለኝ።

አንድ ሽማግሌ ፈላጭ ወርደው በአንድ እጃቸው አንጠልጥለው አወጧት። አገላብጠው አዩና «ልጄ፣ አህያ ትጭናለህ?» አሉኝ። «አልጭንም አባባ» አልኳቸው። «ያስታውቃል» አሉ። ባትሪውን ከጣሪያ ፈተው ከሆዷ ሥር፣ ከፊተኛው አክስል ጠጋ አድርገው በሲባጎ ጠፈሩት፤ ዳገት ላይ ወደ ኋላ እንዳትቀለበስ ነው አሉ። አክሲያል የሚባል ስም ሰምተው አያውቁም፤ ድንጋይና ጭነትን ግን ያውቃሉ። መኪናዋ ያንኑ ድንጋይ ቀስ እያለች ወጥታ በዚያ ማዶ ወረደች።

እንዲህ ያለ ድል በደረቁ አይታለፍም። «ጋሼ፣ ሻይ በሉን እንጂ!» የሚል ድምፅ ተነሣ፤ ሻይ ዳቦ ጠራ፣ ዳቦ ፓስቲ ጠራ፣ የሲኖትራክ ሹፌሮችም ተጨመሩ። ባለ ድንጋዩ ከምሳ ሲመለስ ኪሴ የቀረውን ቆጥሬ ሰጠሁት። መልሶ ቆጠረና «ይሄ የአሸዋ ቀብድም አይሆን» ብሎ ድንጋዩን ለሌላ ሰው ጫነው።

ማታ ቤት ስገባ ባለቤቴ በር ላይ ቆማ የሲኖትራክ ድምፅ ትጠብቃለች። ከኋላዬ ምንም እንደሌለ ስታይ «ድንጋዩስ?» አለችኝ።

«ወጣሁት» አልኳት።

የተባልኩትን እዚህ አልጽፍም። «ልግዛ ወይስ ልሥራ?» ለምትሉኝ ግን ምክሬ አጭር ነው። ገንዘብ ያለው ይግዛ፤ የሌለው ምን አለሽ ተራ ወርዶ ይሥራ፣ አያፍርም። ስትሠሩ ፍጥነት አትመኙ፤ ክብደቱን ወደ ታችና ወደ ፊት አድርጉ፤ ዲፈረንሻል ካላችሁ ቆልፉት። ሱሉልታን በክረምት አትሞክሩ። ቀብድ የምትከፍሉበት ጉዳይ ካላችሁ ደግሞ ከቤት ሳትወጡ በቴሌብር ላኩት።