ለስላሳው ነፃነት

ካሜራ ያላየውን ለተመልካች ለማሳየት ከተደረጉት ጥረቶች ሁሉ የላቀ ምስጋና የሚገባው፣ እየተንገጫገጨ የሚሄደውን አሮጌ ፊልም «የሚያለሰልሰው» ሶፍትዌር ነው። አሠራሩ ኢንተርፖሌሽን ይባላል፤ ይኸውም ሁለት ተከታታይ ፍሬሞችን፣ ማለትም ፊልም የተገነባባቸውን ነጠላ ምስሎች፣ አነጻጽሮ እያንዳንዱ ነገር ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሄደ ከገመተ በኋላ፣ በመካከላቸው የራሱን ምስሎች ፈጥሮ መሰግሰግ ነው። በሰከንድ 24 ፍሬም የተቀረጸ ፊልም በዚህ ዘዴ ወደ 60 ሲያድግ፣ ከሚታዩት አምስት ፍሬሞች ቢያንስ ሦስቱ ማንም ያልቀረጻቸው ናቸው፤ እንዲህ ያለ ቸርነት በሰው ዘንድ አይገኝም። በሲኒማ ፈር ቀዳጆቹ የሉሚዬር ወንድማማቾች ፊልም ላይ ያለው ባቡር እ.ኤ.አ. በ2020 በሰከንድ 60 ፍሬም እየተንሸራተተ ጣቢያ ሲገባ ብዙዎች አጨበጨቡ፤ ባቡሩ ከዚያ በፊትም ከ120 ዓመት በላይ በሰላም ሲደርስ መኖሩን ያስታወሰ ጥቂት ነው።

የጥበቡ ጸጋ ሙሉ በሙሉ የሚገለጠው ግን በካርቱም ነው። የሱዳን ሲኒማ ፈር ቀዳጅ ጋዳላ ጉባራ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1956 የእንግሊዝና የግብፅ ሰንደቅ ዓላማዎች ወርደው ሰማያዊ፣ ቢጫና አረንጓዴው የሱዳን ሰንደቅ የተሰቀለበትን ዕለት ቀርጿል። ይህ ፊልም ይለስልስ ቢባል፣ የሚውለበለብ ጨርቅ ለግምት አስቸጋሪ ነው፤ ከዚህም በላይ ፊልሙ ከአንዱ ቀረጻ ወደ ሌላው በሚቆረጥበት ስፍራ ሶፍትዌሩ ቁርጡን ሳይለይ ከቀረ፣ ሁለቱን ምስሎች አቅልጦ ያዋሕዳቸዋል። እንግዲህ በወረደውና በተሰቀለው መካከል ግማሽ እንግሊዝ፣ ሩብ ግብፅ፣ ሩብ ሱዳን የሆነ ሰንደቅ ይወለዳል ማለት ነው። ሰንደቅ ካለ አገር መኖሩ ስለማይቀር፣ ለዚህ የሰከንድ ስልሳኛ ዕድሜ ላለው መንግሥት ሕገ መንግሥት ሊረቀቅለት፣ መዝሙር ሊደረስለትና ማኅተሙ ሳይደርቅ ጊዜው የሚያልፍበት ፓስፖርት ሊታተምለት ይገባል። በካርቱም በጥቁር አባይ ዳር ያለው የአል-ማንሺያ ሰፈር ነዋሪም በየትኛው ፍሬም ላይ ነፃ እንደወጣ ማስረጃ እንዲያቀርብ ይጠየቃል፤ ከጣና የመጣው ውኃ ደግሞ ሰፈሩን ሲያልፍ ለማን እንደሚፈስ የሚወስን የድርድር ኮሚቴ ይቋቋማል፤ ኮሚቴውም ከመንግሥቱ ይልቅ ረጅም ዕድሜ ይኖረዋል። የታሪክ መጻሕፍትም ይታረማሉ፦ እ.ኤ.አ. በ1899 የተጀመረው የሁለቱ መንግሥታት የጋራ አገዛዝ ቀስ ብሎ ለሰለሰ እንጂ አላበቃም።

ፈጣን እግሮች ሲተላለፉም ግምቱ ስለሚሳሳት፣ አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 የሮም ማራቶን በሁለት ባዶ እግሮቹ የሮጠ ሆኖ ሳለ፣ በዚህ ጥበብ ሦስተኛ እግር ሊያበቅል ይችላል፤ እርሱም ባዶ ነው።

እንዲህ ያለው ማለስለስ ማደስ አይባልም። ሰው ያልቀረጸውን በስሙ ማሳየት ውሸት ነው። ጉባራ በእርጅናው የዓይኑን ብርሃን አጥቶም ፊልም ሠርቷል፤ ሶፍትዌሩ ግን ዓይን ሳይኖረው የዓይን ምስክር ሆነ። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2023 የተነሣው ጦርነት የኦምዱርማንን የሬዲዮና ቴሌቪዥን ሕንፃ ከነፊልም ክምችቱ የውጊያ ሜዳ ካደረገ ወዲህማ፣ ለሱዳን የሚያስፈልጋት የተረፈውን ፍሬም የሚጠብቅ እንጂ አዲስ የሚፈለፍል አይደለም።

ይኸው ማለስለስ በየቤቱ ቴሌቪዥንም ውስጥ አለ፤ ተዋናዩ ቶም ክሩዝ እ.ኤ.አ. በ2018 ተመልካቾች ይህን ቅንብር ከቴሌቪዥናቸው ላይ እንዲያጠፉ ተማጽኖ ነበር። ቅንብሩ በብዙ ቴሌቪዥኖች ላይ ከፋብሪካ በርቶ ይመጣል፤ ስሙም በየኩባንያው ስለሚለያይ፣ ማጥፊያውን የሚፈልግ ሰው እስኪያገኘው ድረስ ፊልሙ ያልቃል፤ ለስልሶ።