የጥምድ ስፖርት አዋጅ ቁጥር 150

ስማ! ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! መስሚያ ይንሳው የጉልበቱን ጠላት! መስሚያ ይንሳው «ከሰኞ እጀምራለሁ» እያለ ሰኞን ያሰለቻትን!

በፍኖተ ሰላም፣ በጅጋ፣ በማንኩሳ፣ በቡሬና በመካከላቸው በየጎጡ ለምትኖሩ፤ በባጃጅ ለምትሄዱና በእግራችሁ ለምትደርሱ፤ ቁምጣ ለታጠቃችሁ፣ ቱታ ገዝታችሁም ሳጥን ውስጥ ለቆለፋችሁ ሁሉ! ይህን አዋጅ የማውጀው እኔ ሹመቴን ያገኘሁት ከመንግሥት አይደለም፤ ከቀበቶዬ ነው። የመጨረሻው ቀዳዳ አልበቃኝ ብሎ በሚስማር አዲስ ቀዳዳ በበሳሁ ማግሥት ሥልጣኑ በእጄ ገብቷል።

መግቢያ

የከተማችን የፍኖተ ሰላም ስም በግእዝ «የሰላም መንገድ» ማለት ሆኖ ሳለ፣ ነዋሪዋ ከቤቱ እስከ ዳቦ ቤት ባጃጅ የሚጠራ በመሆኑ፤

የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ሲመክር፣ እኛ ግን ይህንኑ ደቂቃ ከአቦል እስከ በረካ በአንድ በርጩማ ላይ የምንጨርሰው በመሆኑ፤

ሰው ብቻውን ሲሆን ሌሊት ከጋቢው ጋር ተከራክሮ ሁልጊዜ የሚረታው ጋቢው መሆኑ ስለተረጋገጠ፣ አባቶችም «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ብለው የጨረሱት ጉዳይ በመሆኑ፤

ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኦቶ ኮህለር ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት የበርሊን ጀልባ ቀዛፊዎችን ክብደት እያሸከመ ፈትኖ፣ ደካማው ብቻውን ከሚችለው ይልቅ ከበረታው ጋር ሲጣመር ረዘም ላለ ጊዜ እንደሚጸና ቢደርስበትም፣ የአካባቢያችን የጃቢ ጠህናን ገበሬ ግን ወይፈኑን ከነባር በሬ ጋር ጠምዶ ሲያለማምድ ይህንን ያለ ጀልባ የሚያውቀው በመሆኑ፤

የሚከተለው ታውጇል።

ክፍል አንድ፦ ጠቅላላ ድንጋጌዎች

አንቀጽ 1። አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የጥምድ ስፖርት አዋጅ ቁጥር 150» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ርዕሱ ያጠረው ትንፋሽ ላጠረው ታስቦ ነው።

አንቀጽ 2። ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ፦

ሀ) «ጥምድ» ማለት በአንድ ቀንበር የሚያርሱ ሁለት በሬዎች ሲሆን፣ ለዚህ አዋጅ አፈጻጸም ባልና ሚስትን፣ እጮኛሞችንና አብረው ለመሮጥ የተማማሉ ጓደኛሞችን ይጨምራል። ንጽጽሩ ያስከፋው በሬ ካለ ቅሬታውን በጽሑፍ ያቀርባል።

ለ) «ስፖርት» ማለት ልብን ቶሎ ቶሎ የሚያስመታ ማናቸውም እንቅስቃሴ ነው። ዕቁብ ሰብሳቢ በሩቅ ሲታይ፣ ወይም የአማት ድምፅ ከበር ሲሰማ የሚመታው ልብ አይቆጠርም።

ሐ) «መጠነኛ» ማለት እየሄዱ ማውራት የሚቻልበት፣ መዝፈን ግን የማይቻልበት ፍጥነት ነው። መለኪያው የጤና ባለሙያዎች ነው፤ አተረጓጎሙ የእኛ። እየተራመደ ሰው ማማት የቻለ በትክክለኛው ፍጥነት ላይ ነው። የሚታማውን ስም ጀምሮ የአባቱ ስም ላይ ትንፋሽ የቆረጠው ይቀንስ። ሐሜቱን ከነዜማው የሚያወርደው ይጨምር።

መ) «ነገ» ማለት በባሕረ ሐሳብም ሆነ በግድግዳ ካላንደር ላይ ያልተገኘ ቀን ነው።

አንቀጽ 3። የፆታ አገላለጽ

በዚህ አዋጅ በወንድ ፆታ የተገለጸው ሴትንም ይጨምራል። ሸክምን በሚመለከት ግን እስከ ዛሬ በሴት ፆታ ሲገለጽ የኖረው ከእንግዲህ ወንድንም ይጨምራል።

አንቀጽ 4። የተፈጻሚነት ወሰን

አዋጁ ቁጭ ብሎ በሚውል ሁሉ ላይ ይጸናል። ሞፈርና ቀንበሩን ተሸክሞ ጎህ ሳይቀድ የወጣውን ገበሬ አስቁሞ «ለመሆኑ ስፖርት ትሠራለህ?» ብሎ የጠየቀ የከተማ ሰው፣ ሞፈሩን ተቀብሎ እስከ እርሻው ያደርሳል። የጎጃም ገበሬ ቁምጣውን የታጠቀው የስፖርት ልብስ ሱቅ በአገሩ ሳይከፈት ነው። በኮንጎ ጫማ ዳገት የወጣ ሰው ስለ ጫማ ምክር አይሰጠውም።

ክፍል ሁለት፦ ስለ ስፖርት ወንፈል

አንቀጽ 5። መቋቋም

1) ዛሬ የአንተን አረም ነገ የእኔን እንደምንለው፣ ዛሬ እኔ አንተን እቀሰቅሳለሁ፣ ነገ አንተ እኔን ትቀሰቅሳለህ። ይህ የስፖርት ወንፈል ይባላል።

2) የወንፈሉ ጉልበት ጡንቻ ሳይሆን ይሉኝታ ነው። ሰው ለራሱ የገባውን ቃል ሲያጥፍ አያፍርም፤ ራሱን ይቅር ማለት ልማዱ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት በር ላይ ቆሞ ጉሮሮውን የሚጠርግ ጓደኛ ሲኖር ግን ነገሩ ይለያል። በአጥር በኩል «አሞኛል» ብሎ መጮህ ጎረቤት ይቀሰቅሳል፤ ጎረቤት ከተቀሰቀሰ ጥየቃ ይመጣል፤ ጥየቃ ከመጣ ቡና ይፈላል። ከዚህ ሁሉ ጫማ ማሰር ይቀላል።

3) በጨለማ የሚወጣ ጥምድ ሁለት መሆኑ ለጅብም ለውሻም መልስ ነው። ጅብ በታየ ጊዜ ከሁለቱ ፈጣኑ ቀድሞ እንዲያመልጥ ይህ አዋጅ አይፈቅድም።

አንቀጽ 6። ጥምድ ስለመምረጥ

1) ጥምድ በመጠኑ የሚበልጥ ይሁን። እጅግ የሚበልጠውን የመረጠ ጀርባውን ብቻ እያየ ይመለሳል። እጅግ የሚያንሰውን የመረጠ እየቆመ ሲጠብቅ ብርድ ይመታዋል። በሬ የጠመደ ይህን ያውቀዋል፦ አንዱ ቀድሞ አንዱ ከጎተተ ማረሻው ይጣመማል።

2) የጠላ ቤት መንገድ የሚያውቅ ሰው ለጥምድነት አይታጭም። አዋጅ አውጪው በራሱ ላይ የደረሰውን በማስረጃነት ያቀርባል። በመጀመሪያው ቀን ከጓደኛው ጋር ወንዝ ድረስ ሄደው ተመልሰዋል። በሁለተኛው ቀን ግማሽ መንገድ ላይ አረፉ። በሦስተኛው ቀን ጓደኛው «በዚህ በኩል ያቋርጣል» ሲለው አመነ። መንገዱ በእርግጥ ያቋርጣል፤ የሚያቋርጠው ግን ስፖርቱን ነበር። በአራተኛው ቀን ሁለቱም ዘንጠው፣ በዱላ ሳይሆን በጣሳ ተገናኙ።

አንቀጽ 7። ስለ መቀደም

ሴት ጥምድ ወንዱን ብትቀድም ወንዱ አያኮርፍም። ጥሩነሽ ዲባባ በቤጂንግ ኦሊምፒክ በ5,000ና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ ስትወስድ፣ ስለሺ ስህን በዚያው ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ብር አግኝቷል። ብዙ ወራት ሳይቆዩ በ2001 ዓ.ም. ተጋብተዋል። ለባልነት ብር ከበቃ፣ በአስፋልት ዳር አሥር ሜትር ወደ ኋላ መቅረት ትዳር አያፈርስም።

ክፍል ሦስት፦ ስለ ባልና ሚስት በመንገድ ላይ

አንቀጽ 8። መነሻ

የዚህ ክፍል መነሻ አንድ የገበያ ቀን ከማንኩሳ ወጣ ብሎ በአስፋልቱ ዳር የታየው ነው። ባል ከፊት ነው፤ ዱላውን በሁለት ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ሁለት እጁን ከላይ አንጠልጥሎ። ሚስት አሥር እርምጃ ያህል ከኋላ ናት፤ በርበሬ የተሞላ ጆንያ በጀርባዋ አዝላ፣ ገመዱን ደረቷ ላይ አስራ፣ በቀኝ እጇ ዶሮ ቁልቁል ይዛለች። ትናገራለች። የምትናገረው ለጀርባው ነው። ንፋሱ ግማሹን ይወስደዋል፤ እሱም ሳይዞር «ምን አልሽ?» ይላል። እሷም ትደግመዋለች።

አንድ ቦታ ላይ ሰውዬው የኮንጎ ጫማውን ጠጠር ለማራገፍ ቆመ። እሷም ቆመች። አራግፎ ሲሄድ ሄደች። አሥሩ እርምጃ አልተነካም። ጠላትነት የለም፤ ቁጣ የለም፤ እንዲያውም ገበያ ሲደርሱ ሻይ ዳቦ ጋብዟት ይሆናል። እርምጃው ግን እንደ ርስት ድንበር ከአባት የተወረሰ ነው።

አንቀጽ 9። ድንጋጌ

1) ባልና ሚስት ጎን ለጎን ይሄዳሉ። በአገራችን ለባልና ሚስት ከዚህ የበለጠ ስፖርት አልተገኘም፤ ፍጥነትን ማመጣጠን፣ ትንፋሽን ማዳመጥና የሚነገረውን መስማት በአንድ ጊዜ ያሠራልና።

2) ጆንያው በየድልድዩ ይቀያየራል። ዱላው ሸክም ነው የሚል ባል ዱላውን ለሚስቱ መስጠት ይችላል።

3) «ሰው ምን ይለኛል?» የሚል መከላከያ ተቀባይነት የለውም። በርበሬ በተሸከመ ወንድ የሳቀ በሚቀጥለው ድልድይ ተራው ይደርሰዋል።

4) ለሕጉ ማጠናከሪያ የሚከተለው ይታወስ። ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት ፍቅር እስከ መቃብር ውስጥ፣ ሰብለ ወንጌል የማንኩሳውን በዛብህን ፍለጋ የመነኩሴ ልብስ ለብሳ በእግሯ ወጥታለች። ያን ሁሉ አገር! ከመጀመሪያው አብረው እንዲሄዱ ቢፈቀድላቸው ኖሮ መጽሐፉ ያጥር ነበር፤ ዕድሜያቸው ግን ይረዝም ነበር።

አንቀጽ 10። ስለ ከተማ እጮኛሞች

አንድ ዓይነት ቱታ ለብሰው አሥር እርምጃ ሮጠው አርባ ፎቶ የተነሡ እጮኛሞች የሚመዘገብላቸው አሥሩ እርምጃ ብቻ ነው። አባቷ ብቅ ሲል እሱ የሮጠው ግን ሙሉ በሙሉ ይያዝለታል።

ክፍል አራት፦ ክልከላና ቅጣት

አንቀጽ 11። የተከለከሉ ተግባራት

1) በስፖርት ሰዓት «እኔ በአንቺ ዕድሜ ሳለሁ» ማለት፤

2) ሦስት ኪሎ ቀንሶ ለጎረቤት ሳያሳውቁ መውጣት። በእኛ አገር «ከሳህ» ሙገሳ ሳይሆን የሕመም ጥያቄ ነው፤ ያላሳወቀ ሰው የቀነሰውን በአጥሚትና በቅንጬ በሳምንት ይመልሳል፤

3) የሁዳዴን ስግደት ከ150ው ደቂቃ ላይ መቁጠር። ለእግዚአብሔር የተደረገ ለቦርጭ አይታሰብም።

አንቀጽ 12። ቅጣት

1) ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረ ጥምድ ከቦኖ አንድ ጀሪካን ውኃ ቀድቶ እስከ ቤት ይሸከማል። 20 ሊትር ውኃ 20 ኪሎ ነው። ጂም ቤት ይህንኑ ክብደት በክፍያ ያስነሣል፤ ሲጨርሱም የሚጠጣ ነገር አይገኝበትም።

2) ለሁለተኛ ጊዜ የቀረ ለሚቀጥለው ድግስ ጌሾ ይወቅጣል። የወቀጠበት ጠላ ሲደርስ እሱ ይቀዳል እንጂ አይጠጣም።

3) ይግባኝ ለአማት ይቀርባል። የአማት ውሳኔ የመጨረሻ ነው፤ ድሮም እንደዚያው ነበር።

ክፍል አምስት፦ ልዩ ልዩ ድንጋጌዎች

አንቀጽ 13። የተሻሩ ልማዶች

«ከሰኞ እጀምራለሁ»፣ «ክረምቱ ይውጣ»፣ «በጋው ይብረድ» የሚሉ ልማዳዊ አሠራሮች ተሽረዋል። በባልና በሚስት መካከል የነበረው አሥር እርምጃም ከነርስቱ ተሽሯል።

አንቀጽ 14። የመሸጋገሪያ ድንጋጌ

በአንድ ቀን ጎን ለጎን መሄድ ለከበደው ባል የዕፎይታ ጊዜ ተሰጥቷል። አሥሩን እርምጃ በየሳምንቱ አንድ አንድ እየቀነሰ፣ በአሥረኛው ሳምንት ከሚስቱ ትከሻ ለትከሻ ይገኛል። ለመቀነስ እሷ እንድትፈጥን ማድረግ አይቻልም፤ የሚጠብቀው እሱ ነው።

አንቀጽ 15። አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ በነጋሪት ጋዜጣ ስለማይወጣ፣ ሁለተኛው ጫማ ከታሰረበት ሰዓት ጀምሮ የጸና ይሆናል።

የአዋጅ አውጪው ማረጋገጫ

አዋጅ አውጪው ሕጉን በሰው ላይ ከማጽናቱ በፊት በዛሬው የገበያ ቀን በራሱ ላይ ሞክሮታል። ሚስቱ ጆንያውን ስታዝል እያየ ሃያ ዓመት ስለኖረ፣ ቀላል ይመስለው ነበር። ከገበያው ተነሥቶ መጀመሪያው ድልድይ ድረስ ተሸክሞ፣ ጎን ለጎን ሄዶ፣ የምትለውንም ሳያስደግም ሰምቶ ደርሷል።

ጆንያው ከባድ ነው።