ፈቃድ የከለከለኝ መዝገብ

የእድራችን መዝገብ ያለበት ኮምፒውተር ወልቂጤ ላይ አልነሳም ብሎ ቀረ። ጠጋኙ ሃርድ ዲስኩን ፈትቶ፣ “ይኼ ደህና ነው፤ የትም ይከፈታል” ብሎ ሰጠኝ። ቡታጅራ ሠርግ ነበረብኝና እግረ መንገዴን የአባላቱን ዝርዝር ላሳትም ይዤው ሄድኩ። እዚያም አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁላችሁ።

ልጅቱ ዲስኩን ሰካች፣ ፎልደሩን ከፈተች፤ “አክሰስ ዲናይድ” አለ። ፈቃድ የላችሁም ማለቱ ነው። እናንተዬ፣ ማንን? እያመሸሁ የጻፍኩትን መዝገብ! ከኋላዬ ወረፋ የያዘ ጎረምሳ “አባቴ፣ የራስዎ ነው ግን?” ሲለኝ ጆሮዬ ጋለ።

“ልጄ፣ የዚያኛውም አካውንት ‘አድሚን’፣ ያንቺም ‘አድሚን’፤ ምን ለያቸው?”

“ጋሼ፣ ዊንዶውስ የሚለየው በስም ሳይሆን በቁጥር ነው።” ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ሴኩሪቲ፣ አድቫንስድ አለችና አሳየችኝ። በባለቤቱ ቦታ ኤስ-1-5-21 ብሎ የሚጀምር ረጅም ቁጥር ተገትሯል፤ የወልቂጤው አካውንቴ መለያ ነው። ፈቃዱ በዚያ ቁጥር ዲስኩ ላይ ተጽፏል፣ የእሷ ኮምፒውተር ደግሞ ቁጥሩን አያውቀውም። ፍላሼ እንዲህ አስቸግሮኝ የማያውቀው ለካ አብዛኛው ፍላሽ ፋት32 ወይም ኤክስፋት በሚባል አሠራር የተዘጋጀ ስለሆነና የፈቃድ ዝርዝር ስለማይዝ ነው።

ያለ ባለቤቱ አይነድም እሳቱ ነውና፣ “ቼንጅ” ብላ ባለቤትነቱን ወደ ራሷ አካውንት አዛወረች፤ የማንበብ ፈቃድ ጨመረች፤ ተከፈተ።

“በቃ፣ ለሁሉም ሙሉ ፈቃድ ስጪውና እንገላገል” ብላት እንቢ አለች። “ጋሼ፣ ጀፎረን፣ የጉራጌን መንደር ሰፊ የጋራ መንገድ፣ ያውቁት የለ? ሁሉም ይሄድበታል፣ ለቅሶም ሠርግም ይቀመጥበታል፤ አርሶ የግሉ የሚያደርገው ግን የለም። አባላቱ ያንብቡ፤ የሚጽፍና የሚሰርዝ ጸሐፊው ብቻ ይሁን።”

ዝርዝሩ ታተመ፤ እኔን ግን ሌላ ሐሳብ ያዘኝ። እሷ በቅንነት የከፈተችውን ዲስኩ እጁ የገባ ሁሉ በዚያው መንገድ ይከፍተዋል። ፈቃድ የሚያገለግለው እዚያው ኮምፒውተር ላይ ተራ ተጠቃሚን ለመከልከል ነው፤ ዲስኩ ተነቅሎ ሲወጣ የሚጠብቀው እንደ ቢትሎከር ያለ፣ ዲስኩን በምስጢር ቁልፍ የሚቆልፍ ፕሮግራም ነው። መዝገባችን ውስጥ መዋጮ ያጓደለ አለ፣ በችግሩ ጊዜ የተበደረ አለ። አሁን ዲስኩ በቢትሎከር ተቆልፏል፤ የመክፈቻው ቁጥር በወረቀት ተጽፎ ከዳኛችን ዘንድ ተቀምጧል። የእናንተ እድር ጸሐፊም “ዲስኩ ተቆልፏል ወይ?” ተብሎ ዛሬውኑ ይጠየቅልኝ፤ የሰው ገመና ነውና።